ዋጋውን ሳናውቅ የምንወደው ዕቃ

ደብረ ብርሃን ላይ ዋናውን አስፋልት ይዛችሁ በእግር ስትሄዱ የስጦታ ዕቃና የኮስሞቲክስ ሱቆቹን መስታወት ልብ ብላችሁ እዩ። የድብ ጆሮ ያለው ኩባያ አለ። ዳክዬ የምትመስል የጠረጴዛ መብራት አለች። የእንጆሪ ቅርጽ ያለው የፀጉር መያዣ፣ ዓይንና አፍ የተሣለበት የእርሳስ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ዚፕ ላይ የሚንጠለጠል ጥርሳም አሻንጉሊት፣ ሲጨብጡት የሚጮህ ትንሽ ፕላስቲክ። ከሱቁ በር ላይ ባጃጅ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ውስጡን ተመልከቱ። ፊት ለፊቱ ፀጉራም ጨርቅ ለብሷል፣ ጣሪያው ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቷል፣ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት ዙሪያውን ይዞራል። ይኼ ሁሉ ባይኖር የሚራብ ሰው የለም፣ የሚበርደውም የለም። ግን ይገዛል። ሳይገዛ ሲቀር ደግሞ ይታሰባል፣ ማታ ተኝተንም ትዝ ይለናል።

ስለዚህ ነገር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ተግሣጽ ነው። «የዘንድሮ ልጅ ኮተት ይወዳል።» «ሴት ልጅ ያየችውን ካልገዛች እንቅልፍ የላትም።» የባጃጁን ጌጥ ግን ማንም አያነሳም፣ እሱ የወንድ ልጅ ኮተት ስለሆነ ይመስለኛል። እኔ በዚህ ተግሣጽ አልስማማም። የሚያምር ትንሽ ዕቃ መመኘት ሸዋ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፣ አሳፋሪም አይደለም። አዲስ የሆነው በመመኘትና በመክፈል መካከል የነበረው ጊዜ መጥፋቱ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ በራሱ አልጠፋም። ዕቃውን የሚሠሩት፣ የሚያስተዋውቁትና የሚሸጡት ሰዎች እየቆረጡ አሳጠሩት፣ እኛም ሳናስተውል ተቀበልነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚያምረን እንይ። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1943 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ትልቅ ጭንቅላት፣ ሰፊ ግንባር፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖች፣ ሞላ ያለ ጉንጭ፣ አጠር ወፈር ያለ እጅና እግር። እነዚህን መልኮች ያየ ሰው ልቡ ይራራል፣ ማቀፍ ያምረዋል። የሕፃን መልኮች ናቸውና። ሕፃን ራሱን መመገብ አይችልም፣ የሚያድነው የትልቅ ሰው ርኅራኄ ነው፤ ስለዚህ ይኼ ስሜት ውስጣችን ያለው ልጆቻችን እንዲያድጉ ነው። ለሕፃን ብቻም አይወሰንም። መንዝ ውስጥ በጥር ብርድ የተወለደች ግልገል ስትንቀጠቀጥ ያየ ገበሬ ኮቱን አውልቆ ይሸፍናታል። ግልገሏ ነገ ገንዘብ እንደምትሆን ያውቃል፣ በዚያች ሰዓት ግን ስለ ገንዘቡ አያስብም።

የድብ ጆሮ ያለው ኩባያ የሚጠቀመው ይኼንኑ ስሜት ነው። ሻይ ለመያዝ ጆሮም ዓይንም አያስፈልገውም። ዓይኖቹ ሲጨመሩበት ግን እንድንንከባከበው የሚጠብቅ ነገር ይመስለናል። «ምስኪን፣ ሲያሳዝን!» የምንለው ለዚህ ነው። ለኩባያ እናዝናለን። ይኼ የሞኝነት ምልክት አይደለም፣ ርኅራኄያችን በሥራ ላይ መሆኑ ነው። ችግሩ ርኅራኄው የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበት መምጣቱ ላይ ነው።

ይኼንን በደንብ የገባቸው ነጋዴዎች ገና ድሮ ነበሩ። በጃፓን ሳንሪዮ የሚባለው ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መሥራቹ ሺንታሮ ሱጂ በላስቲክ ነጠላ ጫማ ላይ አበባ ሲሣልበት ሽያጩ ከፍ እንደሚል አስተዋለ። ጫማው ያው ጫማ ነው፣ እግሩን የሚጠብቀውም እኩል ነው። የጨመረው ሥዕሉ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ዋና ሥራው ይኼው ሆነ፤ በ1974 ሄሎ ኪቲን ፈጠረ፣ መጀመሪያም ያወጣት በትንሽ የሳንቲም ቦርሳ ላይ ነበር። ዛሬ ያቺ ሪባን ያሰረች አፍ የሌላት ድመት ጫጫና ደብረ ሲና ድረስ በልጆች ቦርሳ ላይ አለች። የአብዛኞቹ ቦርሳ ሠሪዎች ፈቃድ ያላቸው አይመስለኝም፣ ግን ሥዕሉ ሥራውን ይሠራል።

አሁን በየተማሪው ቦርሳ ላይ የተንጠለጠለው ላቡቡ የሚባለው ጥርሳም አሻንጉሊት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። የሣለው ካሲንግ ሉንግ የሚባል ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድ ያደገ ሠዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሥዕል መጽሐፍ ነበር የፈጠረው። ከ2019 ጀምሮ ፖፕ ማርት የሚባል የቻይና ኩባንያ ያመርተው ጀመር። በ2024 ሊሳ የምትባለው ብላክፒንክ የተሰኘው የደቡብ ኮሪያ የሙዚቃ ቡድን ዘፋኝ ቦርሳዋ ላይ አንጠልጥላ ከታየች በኋላ ነገሩ ዓለምን ጠቀለለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ቤጂንግ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል አንድ ላቡቡ በጨረታ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጠ። ወደ 150 ሺህ ዶላር ማለት ነው።

ከዋጋው በላይ ማወቅ ያለብን አሠራሩን ነው። ዕቃው በታሸገ ሳጥን ይሸጣል። የትኛው ቀለም እንደደረሰህ የምታውቀው ከፍለህ ስትከፍተው ነው። ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይ፣ ከ72 ሳጥን በአንዱ ብቻ የሚገኝ «ምስጢር» የሚሉት ዓይነትም አለ። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው አሻንጉሊቱን ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑን እስኪከፍት ያለችውን ጉጉትም ነው። ከከፈተው በኋላ ጉጉቱ ስለሚያልቅ ሌላ ሳጥን ያስፈልገዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው በአብዛኛው ቅጂው ነው፤ ሳጥን የለውም፣ በግልጽ ተሰቅሎ ይሸጣል። ምስጢሩ ሳይመጣ ምኞቱ ብቻ መጣ። ለምን መጣ ካላችሁ፣ ምኞቱ የሚመጣው በሱቅ መስታወት ሳይሆን በስልክ መስታወት ስለሆነ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው በሌላ ልጅ ቦርሳ ላይ፣ በሌላ ልጅ እጅ ነው። አባቶቻችን «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ስልኩ ያላየነውን አገር በየደቂቃው ያሳየናል።

እዚህ ላይ ከትልልቆቹ ጋር ትንሽ ልከራከር። «እኛ እንዲህ አልነበርንም» የሚሉትን አልቀበልም።

አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ትልቅ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ እዚያ ያራግፋል። አሞሌ ጨው ይመጣል፣ ጨርቅ ይመጣል፣ ከዚያ ጋር ደግሞ ጨሌ ይመጣል። ጨሌ አይበላም፣ አይለበስም። ቀለሙ ስለሚያምር ብቻ ያን ሁሉ በረሃ በግመል ጀርባ ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃና መድፍ ነበር፣ የሙዚቃ ሳጥንም ነበር። ንጉሡን ይበልጥ ያስደሰተው መሣሪያው መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም እንግሊዞቹ የሚዘፍን ሳጥን ጭነው እስከ አንኮበር የመጡት የሚያምር ነገር ሁሉንም ሰው እንደሚያሸንፍ ስለሚያውቁ ነው።

ወደ ቤታችንም እንምጣ። የብዙዎቻችን እናት ቤት ብፌ አለ። ብፌው ውስጥ የወርቅ ቀለም ጠርዝ ያለው የሲኒ ስብስብ አለ፣ ለእንግዳ ተብሎ የተገዛ፣ እንግዳ ሲመጣም የማይወጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል አለ፣ ሬዲዮው ላይ ዳንቴል አለ፣ የሶፋው ክንድ ላይ ዳንቴል አለ። ከላይ ደግሞ የሸክላ ውሻ ወይም ጥንድ እርግብ ተቀምጧል። ልጇን «ይኼ ጥርሳም ነገር ምን ይሠራልሻል?» ብላ የምትቆጣ እናት እርግቧን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ልክም ናት። ያቺ እርግብ ቤቱን ቤት አድርጋዋለች።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ዕቃው እጅ እስኪገባ የሚወስደው ጊዜ ላይ።

ከመንዝ ገጠር ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሞላሌ ገበያ የምትወጣ ሴት ገበያው በሳምንት አንዴ ነው። ኩባያ ታያለች፣ ያምራታል፣ ዋጋ ትጠይቃለች። «ስንት ነው?» «ቀንሺልኝ እንጂ!» ትላለች፣ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ታነሳዋለች። ገንዘቡ ከመቀነቷ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን ለመፍታት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ኩባያውን ማስቀመጥ አለባት። ያቺ ሰዓት ትልቅ ሰዓት ናት። ብዙ ጊዜ ቋጠሮው ሳይፈታ ይቀርና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። መንገዱ ረጅም ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኩባያው ከውስጧ ካልወጣ በሚቀጥለው ገበያ ትገዛዋለች፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ፈልጋዋለች ማለት ነው። ከረሳችው ደግሞ የከፈለችው ነገር የለም፣ ለአንድ ቀን ግን ያን ኩባያ ወዳዋለች። ይኼም ደስታ ነው።

ሌላም መንገድ ነበር፣ እንዲያውም እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። የሚያምር ነገር ያማራት ልጅ ራሷ ትሠራዋለች። ስንደዶውን ትለቅማለች፣ አክርማውን ትሰነጥቃለች፣ አለላውን ቀይ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ትነክራለች፣ ከዚያ ሙዳይ ትሰፋለች። ሙዳይ ምን ያህል ያስፈልጋል? እህል ለመያዝ ቅርጫትና ስልቻ ይበቃ ነበር። ሙዳይ የሚሰፋው ስለሚያምር ነው፣ ልጅቷም ከሙዳዩ ጋር ወራት ታሳልፋለች፣ ቀለሙን ትቀያይራለች፣ ያልወደደችውን ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ሲያልቅ ሙዳዩን ታውቀዋለች። የት ላይ እንደተሳሳተች፣ ከማን ጋር እየተጫወተች የትኛውን ዙር እንደሰፋች ታውቃለች። የመንዝ ባናም እንዲሁ ነው። የበጉ ጸጉር ተባዝቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ እስኪያልቅ ስንት እጅ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አምሮታቸው የኛን ያህል ነበር፤ የሚረካበት መንገድ ግን ረዘም ያለ ነበር፣ መንገዱም ራሱ ደስታ ነበረው።

ይኼ የመንገዱ ደስታ የሚባለው ነገር በቤተ ሙከራም የታየ ነው። ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል የአንጎል ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ሥራ ዶፓሚን የሚባለውን ከጉጉት ጋር የተያያዘ ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት በመጀመሪያ ለእንስሳቱ ጭማቂ ሲሰጥ ይነቃቃሉ፤ ጭማቂው እንደሚመጣ የሚያሳውቅ ምልክት ሲለምዱ ግን ምልክቱ ላይ ይነቃቃሉ እንጂ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። ወደ ኛ ሲመጣ፣ ዕቃውን አይተን «ይኼንን ባገኘሁ!» የምንልባት ቅጽበት ላይ ልባችን ይዘላል፣ ዕቃው ቤት ሲገባ ደግሞ በሦስተኛው ቀን አናየውም። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራንም እ.ኤ.አ. በ1971 ሰው አዲስ ነገርን ቶሎ እንደሚለምድና ደስታው ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ጽፈዋል። ስለዚህ ከዚህ ዕቃ የምናገኘው ትልቁ ደስታ የሚገኘው ከመግዛታችን በፊት ነው። ያን ጊዜ ስናሳጥረው የምናሳጥረው ደስታውን ራሱን ነው።

አሁን ደግሞ የክፍያውን ነገር እንመልከት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ብራያን ክኑትሰንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎችን የአንጎል ምርመራ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው መጀመሪያ ዕቃውን አሳዩአቸው፣ ቀጥሎ ዋጋውን፣ በመጨረሻ ይግዙ አይግዙ እንዲወስኑ ጠየቋቸው። ዕቃውን ሲወዱት ከደስታ ጉጉት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ይነቃቃል። ዋጋው ሲበዛባቸው ደግሞ ሕመምንና መጥፎ ስሜትን የሚመለከተው ክፍል ይነሳል። እንግዲህ መግዛትና አለመግዛት የሁለቱ ትግል ነው ማለት ይቻላል። የዋጋው ሕመም ጠላት አይደለም። የሚጠብቀን እሱ ነው።

መቀነት መፍታት ያን ሕመም በደንብ እንዲሰማ ያደርግ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ መስጠትም ያደርጋል። ድሬዘን ፕሬሌክና ደንካን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ለቅርጫት ኳስ ትኬት እንዲጫረቱ አደረጉ፤ በካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ከተባሉት በእጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ዋጋ አቀረቡ። ትኬቱ ያው ነው። የተለወጠው የመክፈያው መንገድ ብቻ ነው።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ እኛም ቴሌብር አለን። በጎ ነገር ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ለእናት ገንዘብ ለመላክ ሰው መፈለግ ቀርቷል። ግን የምስጢር ቁጥር ነክቶ መክፈል አያምም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ የብድር አገልግሎቶችን ጀመረ። እንደኪሴ ሒሳብህ ለክፍያ ባይበቃም ጎደሎውን ሞልቶ ክፍያውን ይጨርስልሃል፣ በኋላ ከነክፍያው ትመልሳለህ። ለታመመ ሰው መድኃኒት መግዣ ሌሊት ላይ ሲጎድል ይኼ ትልቅ እፎይታ ነው። ለዳክዬ መብራት ሲሆን ግን ኪሳችን ራሱ «የለኝም» የሚልበትን የመጨረሻ ዕድል ይወስዳል። ድሮ ገንዘብ አለመያዝ ከመግዛት ያድን ነበር።

በሱቅ በኩልም የታወቀ ዘዴ አለ። «ያዢው እስቲ፣ በእጅሽ ያዢው፣ ለማየት አይከፈልም» ይሉሻል። ይኼ ተራ ጨዋነት አይደለም። ጆአን ፔክና ሱዛን ሹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ሰው ዕቃን ሲነካ የራሱ የሆነ ያህል ይሰማዋል፣ ሊከፍልበት የሚፈልገውም ይጨምራል። ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞረው ልጅ ጥናቱን አላነበበም፣ ግን ከልምድ ያውቀዋል። ቴሌግራም ላይ መንካት ስለማይቻል የሚደረገው ሌላ ነው፤ ዕቃውን የሚከፍት እጅ በቪዲዮ ይታያል፣ ቀስ ብሎ ይፈታዋል፣ ያዞረዋል፣ ያበራዋል፣ ሥሩ ላይ «አዲስ ገቢ፣ ውስን ፍሬ ነው የቀረው» ተብሎ ይጻፋል። ውስን ፍሬ የሚለው ቃል ሥራው አንድ ነው፦ እስከሚቀጥለው ገበያ እንዳትቆዪ።

ይኼ ሁሉ ለምን ደብረ ብርሃን ላይ በዚህ ፍጥነት ገባ? ከተማው ስለተለወጠ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም ተከፈተ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም ተመረቀ፣ የቢራውም የብርድ ልብሱም ፋብሪካ አለ። ከየገጠሩና ከየከተማው ወጥቶ በወር ደሞዝ የሚኖር ወይም ከቤተሰብ የኪስ ገንዘብ የሚቀበል ወጣት በሺዎች ይቆጠራል። መርካቶ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ጠዋት የተጫነ ካርቶን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይደረደራል።

ከዚህ ጋር የኑሮውን ነገር ማንሳት አለብኝ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር፣ ሽቶና ኮስሞቲክስ ጭምር። ክልከላው የተነሳው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ነው። በዚያን ጊዜ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም ቀጠለ። ስለዚህ ዕቃው መግባት ሲችል ዋጋው ከደሞዙ ሸሸ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ዛሬ ቦታ ልገዛ፣ ቤት ልሥራ ብሎ ቢያስብ ሐሳቡ ራሱ ያደክመዋል። የድብ ጆሮ ያለው ኩባያ ግን ይቻላል። ከአራት ሴት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግታ የምትኖር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ከራስጌዋ ያስቀመጠችው ያ ኩባያ በክፍሉ ውስጥ «የኔ» የምትለው ብቸኛው ነገር ሊሆን ይችላል። ሌላው ሁሉ የአከራዩ ነው፣ ሥራው የፋብሪካው ነው፣ ደሞዙ ግማሹ የቤተሰቧ ነው። እሷን ገንዘብ አባካኝ የሚላት ሰው ክፍሏን አላየም።

ለሷ የማዝነው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ለሷ የተሠራ ወጥመድ መኖሩም ያሳዝነኛል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሳምንት 250 ብር ለትንሽ ነገር የምታወጣ ልጅ በዓመት 13 ሺህ ብር ታወጣለች። 250 ብር ሲወጣ ምንም አይመስልም። 13 ሺህ ብር ግን በአንድ ጊዜ እጇ ላይ ቢቀመጥ ምን እንደምታደርግበት ጠይቋት፤ ስለ ኩባያ አታወራም። የልብስ ስፌት ማሽን ማስያዣ ትላለች፣ ለወንድሜ የትምህርት ትላለች፣ ለፋሲካ አገሬ ስገባ በግ ይዤ ልግባ ትላለች። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ገንዘብ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ሆኖ ከቤት ይወጣል፣ ብዙውም በበሬሳ ወንዝ ዳር ነው የሚጣለው።

ታዲያ ምን እናድርግ? «አትግዙ» አልልም። የጠፋውን ጊዜ መልሱት ነው የምለው። ያማራችሁን ዕቃ ዋጋ ጠይቁና ሂዱ። የሚቀጥለው ገበያ ቀን እስኪደርስ አትመለሱ። ከረሳችሁት አበቃ፣ ካልረሳችሁት በደስታ ግዙት፣ ማንም አይውቀሳችሁ። በስልክ ሲሆን ትንሽ ይከብዳል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ጥሬ ገንዘብ ብቻ መጠቀም ይሻላል፣ ከወር ደሞዝ ላይ ጥቂት ብር አውጥቶ በፖስታ ማስቀመጥ፣ ፖስታው ሲያልቅ ማቆም። ዘመናዊ መቀነት በሉት። «አዲስ ገቢ» እያሉ በቀን አሥሬ የሚልኩ ቻናሎችን መውጣት ደግሞ ከምታስቡት በላይ ያሳርፋል፣ አምሮቱ ግማሹ የራሳችን አልነበረም ማለት ነው። ብድር ወስዶ ግን ለዚህ መግዛት፣ በእንደኪሴም ይሁን ከጓደኛ፣ እሱ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ፤ አይደረግም።

ጓደኛሞች ሆናችሁ ትንሽ ዕቁብ ብትጥሉ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። ተራው የደረሳት የወደደችውን ትገዛለች፣ ሌሎቹ አብረው ሄደው ይመርጣሉ። ወራት ጠብቃ ያገኘችው ነገር ስለሆነ በሦስተኛው ቀን አትረሳውም።

ለወላጆች አንድ ነገር ብቻ። ልጅ ላቡቡ ሲያምረው አታሸማቅቁት። ያማረው ጓደኛው ስለያዘው ነው፣ የሚፈራውም ብቻውን መቅረትን ነው። በሳምንት የተወሰነ የራሱን ገንዘብ ስጡትና ያጠራቅም። አጠራቅሞ ሲደርስ ሐሳቡን ቢቀይርም ባይቀይርም ውሳኔው የሱ ይሁን። አያት ካለች ደግሞ አክርማና አለላ እጁ ላይ ታስይዘው፣ ወንድ ልጅም ቢሆን። ሠርቶ ማግኘት እንዳለ ይወቅ።

በመጨረሻ ስለ ሻጮቹ። አብዛኞቹ እንደ ገዢዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በዩኒቨርሲቲ ዶርም ሆነው ቻናል ከፍተው የሚሸጡ፣ ከመርካቶ አንድ ካርቶን አምጥተው ወንድምና እህት የሚያስተምሩ አሉ። እንጀራቸው እንዲዘጋ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ይተዉት። ዕቃውን አሳይቶ ዋጋውን መደበቅ ማለት ሰውየው ወድዶት፣ ጽፎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ከሻጩ ጋር ተዋውቆ፣ እምቢ ለማለት ካፈረ በኋላ ዋጋውን መስማት ማለት ነው። የሚጠብቀን ያ ትንሽ ሕመም ዘግይቶ እንዲመጣ ተደርጓል። ሕጉም ቢሆን ይኼንን አይደግፍም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዝዛል። የሱቅ መስታወት ላይ የሚሠራ ሕግ የስልክ መስታወት ላይም በመንፈሱ መሥራት አለበት። የዳክዬዋን መብራት ፎቶ ስትለጥፉ ከሥሯ «450 ብር» ብላችሁ ጻፉ። የፈለገ ይገዛል፣ ያልቻለም «ታምራለች» ብሎ ማንንም ሳያስቸግር ያልፋል።